የውባንቺ ንዴት

እህል በረንዳ ላይ ውባንቺን የሚያህል ቁጡ የለም። ከጋሼ ፈለቀ መጋዘን በር ተቀምጣ ሃያ ዓመት የሰው ምስር አበጥራለች፣ ጠጠር ለቅማለች፤ አጉል የተናገራት ደግሞ የእጁን ሳያገኝ አይሄድም። ልጇ ዮርዲ ግን አንገቷን የደፋች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ዮርዲ ትምህርት ቤት የጥናት ሰዎች መጡ። የልጆችን ስሜት እንለካለን ብለው በየተማሪው ስልክ መተግበሪያ ጫኑ፤ ከትምህርት መልስ ሦስት ጊዜ እየጮኸ ይጠይቃል። እነውባንቺ ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፣ እሱም እስኪመሽ እናትየው ጋ ገበያ ይውላል። ዮርዲ ይህን በጓደኞቿ ፊት መናገር አፍራ፣ የእናቷን ስልክ አንድ ቀን ይዛ ሄዳ አስጫነች። ውባንቺም ጩኸቱ ሲያሰለቻት ራሷ መመለስ ጀመረች።

«አሁን ምን ይሰማሻል?» ይላል። ይህን ከተወለደች ማንም ጠይቋት አያውቅም። ጋሼ ፈለቀ በሰው ፊት «አንቺ አሮጊት» ያላት ቀን «በጣም ተናድጃለሁ» የሚለውን ነካች። «ንዴትሽን ምን አደረግሽው?» አላት። «ዋጥኩት» የሚለውን ነካች። እውነቷን ነው፤ ያ ሁሉ ጩኸቷ ሆድ ይፍጀው ካለችው ሩቡን አይሆንም።

በሦስተኛው ሳምንት እናትና ልጅ ቢሮ ተጠሩ። ሔለን የምትባል አጥኚ፣ ዮርዲን አንድ ቀን እንኳ ሳታናግር፣ ታብሌቷን እያየች ፈረደች።

«እትዬ፣ ልጅዎ ንዴቷን መቆጣጠር አልቻለችም። ለሌሎቹም ታሰጋለች። ከክፍል ወጥታ ለብቻዋ ክትትል ይደረግላታል።»

ዮርዲ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ማን ናት የምታሰጋው? ይቺ ዝንብ እሽ የማትል?» ውባንቺ ጠረጴዛውን ደበደበችው። «ስልኩ እኔ ጋ ነው የሚውለው! የተናደድኩትም እኔ፣ የዋጥኩትም እኔ!»

ሔለን ፊቷን አጨማደደች። «ጥናታችንን አበላሹት እኮ። የእርስዎ አይቆጠርም፣ ጥናቱ የልጆች ነው።» ታብሌቷን በጣቷ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገች። «በቃ፣ መልሱ ጠፍቷል። ዮርዲ ክፍልሽ ግቢ።»

«ሁሉንም አጠፋሽው?»

«ሁሉንም።»

ልጇ ድናለች፤ ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ውባንቺ ግን በሩን በኃይል ወርውራው ወጣች።

በማግስቱ ሰፌዷን ይዛ ተቀመጠች። አስር ሰዓት አለፈ፣ አስራ አንድም አለፈ፤ ስልኩ አልጮኸም።

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አላት ጋሼ ፈለቀ።

«እርስዎ ምን አገባዎት!»

እሱ ዞር ሲልላት ስልኩን ከጉያዋ አወጣችና ድምፁ ተዘግቶ እንደሆነ አየች። አልተዘጋም።