በእናቴ ማረፊያ ላይ ያለፈው መንገድ

ከጋሸና በመኪና የመጡ የልጅ ልጆቼ፣ «እማማ፣ ይህ መንገድ ሲሠራ እዚሁ ነበሩ አሉ፤ እስቲ ይንገሩን» አሉኝ። አስኳላ አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ወሬዬም እንደ እግሬ መዞር ይወዳልና ታገሡኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ከጋሸና ላሊበላ መኪና በደህና የሚያልፍበት መንገድ ሊወጣ ነው ተባለ። ቀያሾች መጡና አናቱ ቀይ የተቀባ ሦስት ችካል በማሳችን ላይ ተከሉ። መስመሩ የሄደው ወይራዋ ሥር ባለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው።

በእኛ አገር አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ጊዜ ይወርዳል፤ በየማረፊያው ቄሶቹ ፍትሐት ያደርሳሉ። እናቴ ስትሞት መጀመሪያ የወረደችው እዚያ ድንጋይ አጠገብ ነበር። መቃብሯ ሩቅ ነው። ውሃ ቀድቼ ስመለስ እንስራዬን አሳርፌ ሆዴን የከፋውን የምነግራት እዚያ ነው። እሱን መንገድ ሊበላው።

አባቴ ችካሉን ዞር ዞር ብለው አዩት። ከማሳችን ታች ቤት ያላት ጎረቤታችን፣ ባሏ የሞተባት፣ ትቀልዳለች።

«ቶሎ ይምጣ እንጂ፤ ከጋሸና ባል ጭኖ ያመጣልኛል።»

«ጥርስ የሌለው ቢሆንሳ?» አሏት አባቴ።

«ቆሎዬን አይሻማኝማ።»

አንድ ጠዋት ውሃ ስወርድ ሦስቱን ችካሎች ነቅዬ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ታች አውርጄ ተከልኋቸው። መንገድ እንደ ውሃ ቦይ ይመስለኝ ነበር፤ አፉን ካዞሩለት የሚዞር። ወዴት እንደሚዞር አላሰብሁም።

በማግስቱ ሦስቱም ከቦታቸው ተመልሰው ቆመዋል። የቀያሾቹ አለቃ ደርሶብኝ መለሳቸው አልሁ። ፊቱን ፀሐይ የላጠው ከተሜ ነበር። ያን ዕለት እንስራ አዝዬ ስወጣ አገኘኝ።

«እህቴ፣ ጥርኝ ውሃ ባገኝ።»

«የለም» አልሁት። እንስራው ጢም ብሎ ሞልቶ በጀርባዬ ይንጠባጠባል። እንስራውን አየ፤ እኔን አየ፤ «ይሁን» ብሎ ባለ ሦስት እግር መነጽሩን ተሸክሞ ሄደ። የተጠማ መከልከል በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም፤ በደለኛው እሱ ነው ብዬ።

መንገዱ ተሠራ። ድንጋዩም ተፈንቅሎ ከጠጠሩ ገባ። እኔ ተድሬ ወደ ሙጃ አገር ሄድሁ፤ አባቴን ልጠይቅ ስመጣ ግን ያን ቦታ አልረግጠውም፤ በዳር በዳር ነበር የማልፍ።

አባቴ የሞቱት ደርግ ከወደቀ ወዲያ ነው። ቄሶቹ ቃሬዛውን እመንገዱ መካከል፣ ከወይራዋ ትይዩ አስወረዱ። አንድ ጭነት መኪና መጣ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ኮፍያውን አውልቆ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆመ።

ጎረቤታችን አጠገቤ ታለቅስ ነበር። «አባትሽ ባይኖሩ ይኸኔ ቤት የለኝም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ያን ጊዜ ችካሉ ከደጃፌ ተተክሎ አገኘሁት። እየጮህሁ ብሄድ አባትሽ መጥተው በገዛ እጃቸው ነቅለው ወደ እናትሽ ማረፊያ መለሱት። 'እሷን ጸሎት የትም ይደርሳታል፤ አንቺ የት ትገቢያለሽ' አሉኝ። ላንቺ እንዳልነግርም አስማሉኝ።»

«ቀያሹስ?»

«እሱ ምን ያውቃል። መነቀሉንም አልሰማም።»