አልቃሿ ያላለቀሰችለት ልጅ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! እስቲ አንድ ጊዜ አሜን በሉልኝ፣ ጉልበቴን ያበረታልኛል። ዛሬ የቆምኩት ልመሰክር ነው። መጋቢያችን «እማማ አስካለ፣ እባክዎ አጠር ያድርጉት» ብሎኛል። አጠር አደርገዋለሁ ልጄ፤ ካልቻልኩ ግን መቼስ ትታገሠኛለህ።

ባለፈው እሁድ ወጣቶች ስትማሩ ከኋላ ቁጭ ብዬ ሰማኋችሁ። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው ስጦታ ሰጥቶታል፤ ስጦታህን ካወቅህ የተፈጠርክበትን ታውቃለህ ተባለ። እኔም አሜን ብያለሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩን ሳመላልስ ዋልኩ። ምክንያቱም እኔ ስጦታዬን ማንም ሳያስተምረኝ በልጅነቴ ነው ያወቅሁት። በዚያው ስጦታዬ ደግሞ ሰው አስገድያለሁ።

አዎ፣ እንዲህ አትዩኝ። ሰው አስገድያለሁ።

አልቃሽ ነበርኩ። ለቅሶ ቤት ገብታ ግጥም እየገጠመች ሕዝቡን የምታስለቅስ ሴት። አባቴ ሲሞት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ቃሉ ራሱ ከአፌ ወጣ፤ ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለና ወዲያው በአንድ ጊዜ ዋይ አለ። ከዚያ ወዲያ ከቀራንዮ እስከ ሳንሱሲ ሰው ከሞተ «አስካለን ጥሩ» ሆነ። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምትሉት ገና ሜዳ ሳለ፣ በዚያ በጭቃ እየተጎተትኩ ስንት ለቅሶ ደርሻለሁ!

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ አላለቅስም ነበር። ሴቱ ደረቱን ሲደቃ፣ ወንዱ በነጠላው ተሸፍኖ ሲንሰቀሰቅ፣ የእኔ ዓይን ደረቅ ነው። ማን አለቀሰ፣ ማን ቀረ እያልኩ አያለሁ። አንዱ ሳያለቅስ ከቀረ እልህ ይይዘኝና ለእሱ የሚሆን ግጥም እፈልጋለሁ። እናቴ ስትሞት እንኳ ቃል ስመርጥ ሳላለቅስላት ቀብሬያት ተመለስኩ። ትዕቢት እንዲህ ነው ወገኖቼ።

አልቃሽነት ወግ አለው። መጀመሪያ ከቤቱ ሴቶች አጠገብ ትቀመጫለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ሟቹ ምን ይወድ ነበር? ማንን አሳደገ? ከዘመድ ለቅሶ ያልደረሰ ማን ነው፣ የትስ ነው ያለው? የራቀውን ዘመድ በስሙ፣ ካለበት ስፍራ ጋር ጠርተሽ «ንገሩት» ካላልሽ ለቅሶው ጎደሎ ነው፣ ቤተ ዘመድም ይቀየማል።

ጣሊያን ገባ። በዚያ ክፉ ዘመን ጎረቤታችን አቶ ወልዴ በሳንባ ታመው ሞቱ። ሚስታቸው እማማ በላይነሽ እንደ ልጃቸው ያዩኝ ነበር። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፣ ተክሌ የሚባል። ከአርበኞች ጋር ወጥቶ ቆስሎ ተመልሶ፣ ከሳንሱሲ በታች ወንዙ ዳር ባለው የውሃ ወፍጮ ቤት አጎቱ ደብቆታል። እኔ ይህን አላውቅም። እንደ ወጉ ጠጋ ብዬ «ተክሌስ የት ነው ያለው?» ስላቸው በጆሮዬ ነገሩኝ። ነግረውኝም እጄን ጨበጥ አደረጉና «አደራ አስካለ፣ እሱን እንዳትጠሪው» አሉኝ።

«በሞቴ! ምን ነካዎት!» አልኳቸው።

ለቅሶው ደራ። ያን ቀን ድምፄ እንዴት ያለ ነበር! ሕዝቡ ይነሣል፣ ይወድቃል። በአጥሩ በኩል ግን አንድ ሰው ክንዱን አጣምሮ ቆሟል፤ ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ቆሞ ያያል። እልህ ያዘኝ። «አንተንማ አስለቅስሃለሁ» አልኩ በሆዴ። የሚያስለቅስ ቃል ስፈልግ፣ ከሁሉ የሚያሳዝነው አባቱን ሳይቀብር የቀረው ልጅ ሆኖ ታየኝ። አፌ ቀደመኝ፦

ሂዱ ንገሩልኝ ወፍጮ ቤት ላለው ልጅ፣
አባትህ ሞተና ቀረህ ያለ ወዳጅ።

ሕዝቡ ዋይ አለ። እማማ በላይነሽ ግን ድንገት ዝም አሉ። እኔም ያልኩትን ያወቅሁት የእሳቸውን ዝምታ ስሰማ ነው። ዞር ስል አጥሩ ሥር ያ ሰው የለም። ለካ ባንዳ ኖሯል!

አንድ ሰው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠ፤ አልደረሰም። ወታደሮቹ ቀድመውት ተክሌን እዚያው ወፍጮው ደጅ ገደሉት። ሬሳውን ወሰዱት፤ የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ አይታወቅም። ባንዳውም ሰፈር ለሰፈር እየዞረ «ለሽፍታ ያለቀሰ ቤቱ ይቃጠላል» አለ። ስለዚህ ማንም አላለቀሰም። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ የለ፣ እግዜር ያጽናሽ የሚል የለ። ያቺ እናት የአንድ ልጇን ሞት እንደ ስርቆት ደብቃ ተቀመጠች።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ሄድኩ። ከደጅ ሳልገባ «ልጄን ጥይት አልገደለውም። ያንቺ አፍ ነው የገደለው። ይዘጋ!» አሉኝ።

ተዘጋ። እውነቴን ነው፣ ተዘጋ! በሳምንቱ ሌላ ለቅሶ ጠሩኝ፤ ሄጄ አፌን ስከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅ አጣሁ። ጠበልም ገባሁ፣ ሥራ ሥሩንም ጠጣሁ። ዘመዶቼ ወደ አንድ ጣሊያን ሐኪም ወሰዱኝ። በመስተዋት ጉሮሮዬን አየና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው «ጉሮሮዋ ደህና ነው፣ መናገር ትችላለች፣ ያልፈለገች እሷ ናት ይላል» አለ። ያልፈለገች እሷ ናት! ድምፅ ቢኖረኝ የዚያን ቀን እሰድበው ነበር።

ሁለት ክረምት ድዳ ሆኜ ጥጥ እየፈተልኩ ኖርኩ። ሰው ሲሸሸኝ አየሁ። አልፈርድባቸውም። ጠዋት ስነሣ «ዛሬስ ብትወስደኝ» እያልኩ ሞቴን እለምን ነበር።

ያን ጊዜ ዲንቄ የምትባል ከወላይታ የመጣች ቅቤ ነጋዴ ከጎኔ ቤት ተከራየች። የወንጌል አማኝ ነበረች። ያስተማሯቸው ሚሲዮኖች ተባርረው እነሱ አምስት ስድስት ሆነው በር ዘግተው ይጸልያሉ፤ ሰፈሩ «ጸረ ማርያም» እያለ ይሰድባቸዋል። እሷ ግን ሳቂታ ናት። እንዝርቷን ይዛ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥና እኔ ዝም እያልኩ እሷ ታወራለች። አንድ ቀን ከቃሉ አነበበችልኝ፤ ጌታ ወዳጁ ሞቶ ወደ መቃብሩ ሲሄድ እንዳለቀሰ።

በምልክት አስደገምኳት። ማን ነው ያለቀሰው?

«ራሱ ነዋ! ጌታ ራሱ» አለችኝ። «ሌላውን አስለቀሰ መሰለሽ እንዴ? እሱ ነው ያለቀሰው።»

ወገኖቼ፣ እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። ስንቱን ሳስለቅስ አንድም ቀን ያላለቀስኩ ሴት፣ ያን ቀን እንባዬ መጣ። ለአባቴ፣ ለእናቴ፣ ለተክሌ፣ ሁሉም በአንድነት መጣ። ዲንቄ አቅፋኝ «ለእሱ ንገሪው» አለችኝ። በልቤ ነገርኩት፦ ጌታ ሆይ፣ ገዳይ ነኝ፣ ተቀበለኝ። ተቀበለኝ! ስሙ ይባረክ! እንደ እኔ ያለችውን ያልናቀ አምላክ ስሙ ይክበር!

ድምፄ ግን አልተመለሰም። ዲንቄ «እንግዲህ ወደ እማማ በላይነሽ ሂጂ፣ ታመዋል፣ አስታማሚ የላቸውም» አለችኝ። ከሞት ይልቅ ያን ፈራሁ። ግን ሄድኩ። ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ውሃ ቀዳሁ፣ አጠብኳቸው፣ ሾርባ አጎረስኳቸው። ሳይናገሩኝ ይጎርሳሉ። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን እያዩ «ልጄ እኮ አልተለቀሰለትም» አሉ። ቆይተውም «አስካለ፣ አልቅሺለት» አሉኝ።

ጉሮሮዬን አሳየኋቸው፤ የለም አልኩ በእጄ።

«አለ» አሉ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። ዝናቡ ሲመጣ አልቅሺ፤ በዝናብ ድምፅ አይወጣም።»

ተቀምጠን ዝናብ ጠበቅን። የሐምሌ ዝናብ መጣ፣ ጣሪያውን ደበደበው። ጌታ ሆይ እርዳኝ ብዬ አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ እንደ ሕመምተኛ ያለ ቀጭን ድምፅ ወጣ፦

ሳናለቅስ ቀረን እንባ ሞልቶ ሳለ፣
አንተን የገደለህ ይኸው ምላሴ አለ።

ሃሌ ሉያ! ድምፄ ተመለሰ! ደስታ ግን አልነበረም። እማማ በላይነሽ ዋይ እያሉ፣ እኔም እያለቀስኩ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አለቀስንለት። ሲያባራ እጃቸውን ዘርግተው አፌ ላይ አኖሩት። ይቅርታ ይሁን፣ ዝም በይ ማለታቸው ይሁን፣ አላወቅሁም። በሦስተኛው ቀን አረፉ። ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም። እየጠበቅሁ ሞቱብኝ። ጌታ ይቅር ብሎኛል፣ ይህን አምናለሁ፤ የእሳቸውን ግን እዚያ ስንገናኝ እጠይቃቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሞቶበት ለቅሶ የሌለበት ቤት እየፈለግሁ እሄዳለሁ። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ያለ ቤት ኮልፌ ውስጥ ስንት ነበር! ገብቼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ አብሬ አለቅሳለሁ፣ እጸልያለሁ። ጥያቄዬም አንድ ብቻ ነው፦ «ምኑን ልደብቅላችሁ?» አንዳንድ ሽማግሌ «ይሄ ሙሾ የዓለም ነው፣ ተይው» ብሎኛል። ዓለምማ አጨብጭባልኝ ነበር አባቴ፣ እዚህ ማን ያጨበጭባል?

ልጆቼ፣ ስጦታችሁን ፈልጉ፣ ደግ ነው። ግን ለራሳችሁ ብቻ እንዳትይዙት። ለሰጣችሁ ጌታ አስረክቡት። እኔ አፌን ብቻዬን ይዤው ሰው በላሁበት፤ እሱ ሲይዘው ግን ያዘኑትን አጽናናበት። በቤታችሁ ያልተለቀሰለት ያላችሁ፣ በልባችሁ የደበቃችሁት በደል ያለባችሁ፣ እሱን እመኑት። አያባርርም። እኔን አላባረረኝም።

መጋቢ፣ ልጨርስ ነው። ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር ብቻ። በዚያ ዝናብ ውስጥ ስንኳ የልጁን ስም ጮክ ብዬ አልጠራሁትም፣ ፈርቼ። ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ፈርሷል፣ ባንዳውም የለም፣ እማማ በላይነሽም የሉም። አሁን ብጠራው የሚይዘው የለም።

ተክሌ ወልዴ ይባላል። እባካችሁ ተነሡና አብራችሁኝ ጮክ ብላችሁ ጥሩልኝ።