አራት ካንዴላ

ጅግጅጋ፣ መካኒኩ በብልጭታ ሞተር የሚያስነሱትን የመኪናዬን አራት ካንዴላዎች ሲፈታ የተቃጠለ ቤንዚን ሸተተኝ። አዲሱን አሳየኝና፣ «አባዮ፣ ለዚህ ሞተር የሚሆነው ይኼ ብቻ ነው» አለኝ፤ በሶማሊኛ «እህቴ» ማለቱ ነው።

ሽታው ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ። እናቴን ምጥ ይዟት ከቱሊ ጉሌድ ወደ ጅግጅጋ ስንበር፣ መኪናችን ተንተፋትፎ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። አባቴ መምህር እንጂ መካኒክ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን «ካንዴላ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ከሌላ መኪና የተፈታ ገጥሞበት ነበር። አሁን አሮጌዎቹን ከወንበር ስር አወጣና፣ የጋለው ሞተር ጣቱን እየጠበሰው መልሶ መግጠም ጀመረ።

እኔ ከኋላ የእናቴን ላብ በሻሿ እጠርጋለሁ። ድንገት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ተወው፣ አትልፋ። ቆሟል» አለችው።

የሞተሩን ነገር የምታወራ መስሎኝ፣ «ይነሳል እማዬ!» አልኳት።

እውነትም ተነሳ። እኔ በደስታ ሳጨበጭብ አባቴ መሪው ላይ ተደፍቶ ያለቅስ ነበር። እናቴ ቆሟል ያለችው ወንድሜን እንደነበር የገባኝ ሆስፒታል ከደረስን በኋላ ነው። ሳያለቅስ ተወለደ።

አባቴ ዛሬም ስለዚያ ቀን ቃል አይተነፍስም፤ እናቴም ጠይቃው አታውቅም።

«በይ አስነሺው» አለኝ መካኒኩ አዲሶቹን ገጥሞ ሲጨርስ። ቁልፉን ሰጠሁትና ራቅ ብዬ ቆምኩ።