ለበር የተሳልሁት ዋንዛ

ዜናው የደረሰኝ እዚህ ጎዴ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ተቀምጬ የፈተና ወረቀት ሳርም ነው። ታናሽ ወንድሜ ከአገር ቤት፣ ከቡሬ ገጠር ደውሎ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣

«እታለም፣ ደስ ይበልሽ! የግቢያችን ዋንዛ በነፋስ ወደቀልን!» አለኝ። «ድንቹ ላይ ተጋደመ፤ ማንንም አልነካ። አባባ ‹ማርያም ናት ቀስ አድርጋ ያስተኛችው› ይላሉ።»

የማርመውን ወረቀት ገልብጬ አስቀመጥሁ።

«ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ኧረ ደስ ብሎኛል» አልሁ። ዋሸሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ «እመቤቴ፣ ልጄን ብታተርፊልኝ የግቢያችንን ዋንዛ ለቤተ ክርስቲያንሽ በር አደርገዋለሁ» ብዬ ተስያለሁ። የአገር ቤት ሰፈራችን ማርያም በር ታችኛው ጫፉ በስብሶ ቆርቆሮ ተለጥፎበታል። ልጄ ዳነች። ስለቱን ግን ለማንም አልተነፈስሁም፤ ሄጄ ለአባቴ ፊት ለፊት ልነግር ነበር። መንገዱ እንደ ልብ የማይኬድበት ሆነና እዚሁ ቀረሁ።

ወንድሜ ደግሞ በጥር ሊያገባ ነው። «ለአልጋ፣ ለጠረጴዛ፣ ለቁም ሣጥን ይበቃናል» እያለ ይቆጥርልኛል። ብናገር ሙሽራውን አልጋ ልቀማው ነው፤ ዝም ብል እመቤቴን ልክዳት ነው። ጊዜ ለመግዛት ስል የአናጢ ምክር ጀመርሁ።

«እርጥቡን እንዳትሠሩት። እንዳይሰነጠቅ ጫፍ ጫፉን በእበት ለቅልቁት። ጣውላውን በጥላ ከምሩት፤ ነፋስ እንዲያገኘው በየመሃሉ ቀጭን እንጨት አግቡበት። ዓመት ይቆይ።»

«ዓመት! ሙሽራዋን ምን ላይ ላስተኛት፣ እበቱ ላይ?»

በሳምንቱ ሰንጣቂዎች መጡ። ወንድሜ ደስታውን እንድካፈል ስልኩን ከፍቶ፣ የሚሆነውን እየነገረ ያሰማኝ ጀመር። ግንዱን ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ አውጥተውታል፤ በከሰል ውኃ የተነከረ ገመድ ወጥረው መስመሩን አሳርፈውበታል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ትልቁን መጋዝ ይስባሉ። ታችኛው፣ «ኧረ ዓይኔን አጠፋኸው! ሰጋቱራህን ለሚስትህ በትንላት!» ብሎ ሲጮህ ሊያግዝ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። «አቁሙ» የምትል አንዲት ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። መጋዙ ሲሄድ ሲመለስ እየሰማሁ፣ አልወጣ አለችኝ።

እዚህ ላሉት የንስሐ አባቴ ነገርኋቸው።

«ዛፉ የማን ነው?» አሉኝ።

«የአባቴ።»

«ታዲያ ልጄ፣ ባለቤቱን ሳትጠይቂ ለእመቤታችን ሰጠሻት? በይ ጠይቂ። እሽ ካሉሽ መልካም፤ እንቢ ካሉሽ ከራስሽ ላብ ትከፍያለሽ።»

ቀላል ነገር ይመስላል። ስንት ጊዜ ለአባቴ ደወልሁ! ጤናቸውን ጠየቅሁ፣ ዝናቡን ጠየቅሁ፣ የላሟን ጥጃ ጠየቅሁ፤ ዛፉ ላይ ስደርስ «በሉ ደኅና ይሁኑ» እላለሁ።

ሠርጉ አለፈ። ወንድሜ ደውሎ፣ «እታለም፣ እንዳልሽው ሆነ! አልጋው ተጣሞ አንድ እግሩ ከመሬት አልደርስ አለ። ድንጋይ ደግፈንለታል» እያለ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጄ ከጎኔ ቆማ «እማዬ፣ ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። ለእሷ ነበር የተሳልሁት።

በስልክ አልወጣ ያለኝን ቃል እነሆ በጽሑፍ አወጣሁት። አባባ፣ ዛፍዎን ሳልጠይቅዎ ሰጥቻለሁና ይቅር ይበሉኝ፤ ይፍቀዱልኝም። ወንድሜ፣ አልጋህን አልነካብህም፤ በሰላም ተኛበት። ያን ቀን ግንዱን ያገላበጣችሁ፣ ገመዱን የወጠራችሁ ጎረቤቶቻችን ግን፣ ለአጥር ይሆናል ብላችሁ የወሰዳችሁት የዳር ጣውላ ካለ እባካችሁ ሚስማር አትምቱበት። በጥላ አስቀምጡልኝ። ቆርቆሮው ለተለጠፈበት ለዚያ ለበሩ ጫፍ አንድ ክንድ ይበቃል።