የግፊት ኪኒን በሁዳዴ

ቆቦ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የደም ግፊት መለኪያና ማዳመጫ ተሰጠኝ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልማዝ፣ «ከመንገድ የመጣን ሰው ላቡ ሳይደርቅ እንዳትለካ። መለኪያውንም በጋቢ ላይ እንዳትጠመጥም» አለችኝ። «እሺ» አልኩ። የመጀመሪያው ገበሬ ሲገባ በጋቢው ላይ ጠመጠምኩ። ሲስተር እየሳቀች ፈታችው፤ እንደገና አሳየችኝ።

እዚህ ሜዳ ላይ ግፊት ያለበት ሰው ብዙ ነው፤ በሽተኛ የሚመስለው ግን ጥቂት ነው። ማሽላ ሲያጭድ ሰንብቶ፣ ከሮቢት በእግሩ መጥቶ፣ «ምንም አላመመኝም» ይላል። ሥራዬ ምንም ያላመመውን ሰው ዕድሜ ልኩን ኪኒን ማስዋጥ ነው። በዓመቴ ወደ ከተማ ልዛወር አስቤ ነበር። አልሄድኩም።

ከግፊት ታካሚዎቼ አንዷ እትዬ ዘነቡ ቀጠሮ አያዛንፉም። ወንድማቸውን ግፊት ጥሎት ግማሽ ጎኑ አይሠራም፤ የሚያጎርሱት እሳቸው ናቸው። «እኔም ከወደቅሁ ሁለታችንን ማን ያነሳናል?» ይሉ ነበር።

በሁዳዴ አጋማሽ ስለካቸው ግፊታቸው አሻቅቧል። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ጤና መኮንኑ አይቶ፣ «ኪኒኑ አልበቃቸውም፤ ሌላ እንጨምር» አለ።

ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስላየሁ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ መድኃኒቱን ይወስዳሉ?»

«እንዳዘዛችሁኝ ነው ልጄ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ጾም አይደል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ።»

«ከዘጠኝ በኋላስ?»

«ጠዋት ጠዋት ነው ያላችሁኝ። ጠዋቱ ካለፈ ምን ብዬ ልዋጠው?»

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር። አጠገባቸው ተራ የሚጠብቁት የግመል ነጋዴ ጋሽ ሰይድ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ወላሂ ዘነቡ፣ ጉድ ነሽ! እኔ ሲስተር ማታ አድርገው ብላኝ፣ ሳፈጥር በቴምር እውጠዋለሁ።»

«ዝም በል ሰይድ! የአንተ ጾም ሲመሽ ያልቃል፤ የእኔ ሲመሽም ሹሮ ነው።»

«ሹሮሽን ስትበዪ ዋጪዋ!»

ረመዳን ሲገባ ለሙስሊም ታካሚዎች ሰዓት እንቀይር ነበር። ስለ ሁዳዴ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ጾሙን ለምጄው ያደግሁት እኔም ጭምር። ለጤና መኮንኑ ስነግረው የጻፈውን ሰረዘ። ሁለተኛው ኪኒን ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ፣ በፋሲካ ማግስት ሁለቱንም አንድ ላይ ውጠው ግፊታቸው ወርዶ ሊወድቁ ይችሉ ነበር። «ያንኑ ኪኒን ከዘጠኝ ሰዓት ምግብ ጋር ይውሰዱት» አላቸው።

በሆሳዕና ሰሞን ሲመለሱ ግፊታቸው ወርዷል። መለኪያውን ስፈታላቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የሰይድ ምክር እንደሠራ ለራሱ እንዳትነግረው፤ አፉን ማን ይችለዋል?» አሉኝ።

ሁለቱም ባለውለታዎቼ ናቸው። አሁን የመድኃኒት ሰዓት ከመናገሬ በፊት፣ ሰው በስንት ሰዓት እንደሚበላ እጠይቃለሁ።