ማንበብ አልተቻለም

ቡሬ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሬ በሠራሁባቸው ዓመታት አምርሬ የጠላሁት ነገር ቢኖር ያን ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ የሚል ግራጫ የመልእክት ሳጥን ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ መበላሸት ሲጀምር ኮምፒውተሩ አርፎ አይተኛም፤ «ማንበብ አልተቻለም» እያለ በእንግሊዝኛ ይነዘንዛል። ስትዘጋው ሌላ ይመጣል። መልስ ካልሰጠኸው ደግሞ ሥራው ሁሉ ቆሞ ይጠብቅሃል። ጧት እሱን ስዘጋ ጀምሬ ማታ እሱን ስዘጋ እጨርስ ነበር። ጣቴም ዓይኔም ነፍሴም ደክመው ነበር።

በዚህ መሀል ነው በአንድ የገበያ ቀን አንዲት መበለት ከገጠር የመጡት። የልጃቸውን ሰርግ የቀረጽነው እኛ ነን። ባላቸው ከዚያ ወዲህ ዐርፈው ሙት ዓመታቸው ደርሷል። የሰጠናቸውን ሲዲ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሲያሳዩኝ ጥላሸት ለብሷል፤ ብሞክረውም አልከፍት አለኝ። ቤታቸው ማጫወቻ ስለሌለ እንደ ፎቶ ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቅለውት ኖሯል።

«ሲያብለጨልጭ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። «እሳቸው እዚያ ውስጥ አሉ ብዬ።»

የባላቸው ፎቶ እንኳ የላቸውም። መልካቸውም ድምፃቸውም የቀረው ልጃቸውን ሲመርቁ የተቀረጸው ላይ ብቻ ነው። ሰርጉ የተቀረጸበት የካሜራ ካሴት ላይ ደግሞ እንደ ልማዳችን ሌላ ሰርግ ቀድተንበታል። የቀረው ያ የሚነዘንዘው ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ነው። አለቃዬ «ጠፍቷል በልና ሸኛቸው» ብሎኝ ወጣ።

ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ስጀምር መልእክቱ ወዲያው ዱብ አለ።

«ምን ይላል?» አሉ ወንበራቸውን አስጠግተው።

«ማንበብ አልቻልኩም ይላል፣ እማማ።»

«አንተስ ምን ትለዋለህ?»

«እንደገና ሞክር ወይም እለፈው ይባላል። እኔ እለፈው ነው የምለው፤ አለዚያ አያልቅም።»

«ኧረ ምነው ልጄ! የሳቸው ምርቃት ይታለፋል እንዴ? እንደገና በለው!»

በሽቄ ነበር፤ ግን እናት ናቸው፣ ምን እላለሁ? እንደገና አልኩት። አንዳንዴ እየተነጫነጨ ይሄዳል። አንዳንዴ ቢለምኑትም እምቢ ይላል፤ ያኔ ራሳቸው በረዥሙ ተንፍሰው «እንግዲህ እለፈው» ይላሉ። ገበያው ተበተነ። አብረዋቸው የመጡት ከውጭ ቢጣሩም ንቅንቅ አላሉም። እኔ ደክሞኝ ግድግዳ ስደገፍ «የቱን እንደምጫን አሳየኝ» ብለው ማውሱን ተቀበሉኝ። ሳጥኑ ብቅ ባለ ቁጥር የተሰጣ እህል ላይ እንደመጣ ዶሮ «እሽ!» እያሉ ይጫኑታል። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ተገልብጦ ሲያልቅ ከፈትነው። ሽማግሌው ባላቸው ጋቢ ለብሰው ከጉልበታቸው ሥር በተንበረከኩት ሙሽሮች ላይ እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ።

«አሜን» አሉ መበለቷ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመርቅ በየቃሉ አሜን አለማለት ነውር ነው።

«እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ...» አሉና ምስሉ ደረቀ፤ ድምፁም ጠፋ። ያለፍነው ቦታ ነው። አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ። ልቅሶ ይመጣል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

መበለቷ ግን ባላቸው ትንፋሽ እስኪሰበስቡ እንደሚጠብቁ ሁሉ ስክሪኑን እያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «አሜን» አሉ። ወደ እኔም ዞሩ።

«አንተም በል እንጂ፤ እየመረቁ እኮ ነው።»

ድምፅ በሌለው ስክሪን ፊት ተነሥቼ ቆምኩና አሜን አልኩ።