ባዶዋን የመጣችው ቀይ መኪና

አባቴ «ወረድኩ» ይላሉ። ባሌ እንዳላማው «ኧረ ወደቁ!» ይላል። በዚህች ነገር ስንት ክረምት እንደተጨቃጨቁ እኔ ነኝ የማውቀው። ጠላ ቀምሰው እንደሆነማ የሚችላቸው የለም። አሁን ሁለቱም አፈር ለብሰዋልና ማንም ሳያቋርጠኝ ልንገራችሁ። ያቺን ቀይ መኪና በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ፤ ምስክር ከተፈለገ እኔ ወለላ አለሁ።

እንዳላማው የይጁቤ ልጅ ነው። በቅሎ ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞር፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ጎረምሳ ነበር። ደምበጫ ገበያ ሲመጣ ተያየን። ተያየን ማለት ያው ተያየን ነው፤ ሌላውን አትጠይቁኝ! ኋላ ጣልያን አገሩን ሲይዝ በቅሎዎቹን ነጠቀውና እሱን መንገድ ሥራ አስገባው። አንድ ቀን ድንጋይ ሲፈልጥ የአንድ ካፒቴን መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ሰውየው ይጮሃል። እንዳላማው የወደቀች በቅሎ እንደሚያነሣ ሰው ዙሪያዋን ዞረ፤ ከጎማዋ ሥር ቅጠልና ጠጠር ጎሰጎሰና አወጣት። ካፒቴኑ ወደደው። መጀመሪያ አጣቢ አደረገው፤ ውሎ ሲያድር መንዳትም አስተማረው።

መኪናዋ ደግሞ መኪና እንዳትመስላችሁ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ ከመሬት የማይርቅ፣ ቀይ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት አሉ። የሚታጠፍ የቆዳ ጣራ ነበራት፤ የማርቆስ ጅብ በላው። እውነቴን ነው፣ እመ ብርሃንን! ካፒቴኑ በማግስቱ ሽጉጥ ይዞ ጅብ ሲፈልግ አገር ሳቀበት። ከዚያ ወዲያ በጋ ይሁን ክረምት ራሷን ተገልጣ ነው የምትሄደው።

አባቴ መሪጌታ አካለ ወልድ የሰፈራችን የሚካኤል የቅኔ መምህር ናቸው። ደግ ናቸው፤ ግን ግትር፣ ነፍሳቸውን ይማርና። እንዳላማው ሽማግሌ ቢልክባቸው እንዲህ ብለው መለሱለት፦ «በበቅሎ የሚሄድ ሰው ደጀ ሰላም ሲደርስ ወርዶ ተሳልሞ ያልፋል። ይህንን በቅሎዋ እንኳ ታውቃለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስታይ ራሷ ትቆማለች። ያ ልጅ ግን ሚካኤልን ቁጭ ብሎ አለፈው። ለእንዲህ ያለ ሰው ልጅ አልሰጥም።»

እውነት ነው፣ አልፏል። ግን ካፒቴኑ አጠገቡ ተቀምጦ ምን ያድርግ? ይህን ለአባቴ ማን ይንገራቸው!

በዚህ መሃል ባዘዘው የሚባል የሰፈራችን ሰው ጠየቀኝ። በሬ በበሬ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ነው። ክፉ ሰውም አይደለም፣ አልዋሽም። ግን ባገኘኝ ቁጥር የሚያወራኝ ስለ በሬዎቹ ነው፤ ስማቸውን፣ ጠባያቸውን፣ የትኛው ቀንበር እንደሚለምድ፣ የትኛው እንደሚያስቸግር። አንዳንዴ ልቤ «ይኼ ሰውዬ እኔንስ አይቶኛል?» ይለኝ ነበር። አባቴ ለባዘዘው ሽማግሌዎች «እሑድ ኑ፣ ቁርጡን እነግራችኋለሁ» ብለው ቀጠሩ። ቁርጡ ምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ማዕዘን ይዤ አለቅሳለሁ።

ከዚያ በፊት አባቴ ለዘመድ ተዝካር ማርቆስ ሄዱ። ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ ተቀዶ። በቅሏቸው አነከሰችና ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ቀሩ። በእግር እንዳይመጡ አቅም የለም፤ እንዳይቀሩ ደግሞ ቃል አለባቸው። ያን ቀን እንዳላማው መኪናዋን ለካፒቴኑ ደምበጫ ካምፕ እንዲያደርስ ታዞ ነበርና ይህንን ሲሰማ ሮጦ ሄደ።

«የኔታ፣ እኔ ላድርስዎ።»

«በዚች?»

«በዚች።»

አባቴ መኪናዋን አዩ፤ ሰማዩን አዩ። «በየደጀ ሰላሙ ትወርዳለህ?»

«እወርዳለሁ።»

«አንዱን ቁጭ ብለህ ብታልፍ እዚያው ታወርደኛለህ። ልጄንም ሁለተኛ አታነሣብኝም።»

«አንዱንም አላልፍ፣ የኔታ።»

አባቴ ከነገሳቸው ገቡ። ገሳ ታውቃላችሁ፣ ያ ከሣር የሚጎነጎነው የዝናብ ልብስ፤ ከለበሱት ሰውን ጎጆ ነው የሚያሳክለው። በዚያ ላይ ጃንጥላ ዘረጉ። መኪናዋ ገና ከተማውን ስትለቅ ነፋሱ ጃንጥላውን ገልብጦ ወሰደው፤ የማን ማሳ ላይ እንደወደቀ እግዜር ይወቅ። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ ጭቃው ከፊት ጎማ ይረጫል፣ ወንበሩ ላይ ውሃ ተኝቷል። «አንተ ልጅ፣ እኔ አንዴ ተጠምቄያለሁ እኮ!» ብለው ጮሁ። እንዳላማው ሳቁን ዋጠው። ልጃቸውን የሚፈልግ ሰው ምን ይላል?

የመጀመሪያው ደጀ ሰላም ላይ ሁለቱም ወረዱ፣ ተሳለሙ። ሲመለሱ መኪናዋ ጭጭ ብላለች። ዝናቡ ካንዴላዋን አርሶታል። ካንዴላ ማለት ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው ነው፤ እሱ ከራሰ በቃ። እንዳላማው እየፈታ በሸሚዙ ጠራረገ፣ እየመለሰ አሠረ፣ ገበሬዎች ተጠርተው ገፉ፣ በመከራ ተነሣች። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ያው! ሸሚዙ ራሱ ውሃ ሆኖ የሚጠርግበት ጠፋ። እነዚያ ገበሬዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገብተው ሲገፉ ምን እንዳሉ እኔ አልደግመውም፤ ለመሪጌታ ጆሮ የሚሆን አልነበረም።

«የኔታ፣» አለ እንዳላማው፣ «እንደገና ካቆምኳት ዛሬ አንገባም።»

«እንግዲያስ እናድራለን።»

«የነገው ቀጠሮስ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ቃል የገባኸው አንተ ነህ።»

ጉድ በሉ! ከቆመ ቀጠሮው ያልፋል፣ አባቴ ቃል አጠፉ ይባላል። ካልቆመ ልጅቷ የለችም። ሦስተኛው ደጀ ሰላም የማርያም ነው፤ ዳገት ላይ። ከባድ መኪናዎች ጭቃውን አርሰው እንደ ቦይ ሁለት መስመር አውጥተውበታል። እንዳላማው የቀይዋን ጎማዎች በዚያ ቦይ ውስጥ አስገባ። መሪው ሥር ቤንዚን የምትለቅ ትንሽ የእጅ ዘንግ አለች፤ እሷን ከሳቧት እግር ባይረግጥም ሞተሩ ይሠራል። ሳባት። አንደኛ ማርሽ ላይ አድርጎ በኤሊ እርምጃ ለቀቃት።

«የኔታ፣ ምንም አይንኩ፤ ቦዩ ራሱ ይወስዳታል» አለና በበሩ ላይ ዘሎ ወረደ!

«አንተ ልጅ! አንተ ልጅ! ማነው የያዛት?» አባቴ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይጮሃሉ። መኪናዋ እየተጎተተች ትሄዳለች። እንዳላማው ማርያም ደጅ ሮጦ ተንበረከከ፣ መሬቱን ሳመ፣ አማተበ፣ ተነሣ፣ ሮጠ፤ ደረሰባትና ዘሎ ገባ። ጅቡ እግዜር ይስጠው፤ ጣራ ቢኖራት ይህ አይሆንም ነበር።

አባቴ ጨምድደው የያዙትን ወንበር ለቀቁ። ኋላ በቀስታ፣ «ቁጭ ብዬ አለፍኩ» አሉ።

«ምን አሉ፣ የኔታ?»

«አንተ ወረድህ። እኔ ማርያምን ቁጭ ብዬ አለፍኩ።»

«እርስዎ አዛውንት ነዎት፤ እሷ ታውቃለች» አላቸው። ከዚያ በኋላ ባለው ደጅ ሁሉ እሱ እየዘለለ ወረደ፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እንዲህ እያሉ እኛ ሰፈር፣ የገዛ ሚካኤላቸው ደጅ ደረሱ።

አሁን ነው ጭቅጭቁ። እንዳላማው እንደለመደው ዘንጓን ስቦ ወረደና ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። አባቴ በዕድሜ ልካቸው ሚካኤልን ቁጭ ብለው አልፈው አያውቁም። ተነሡ። አንድ እግራቸውን በበሩ ላይ አሻገሩ። ገሳው የበሩ መያዣ ላይ ተያዘ፤ ማሰሪያው ተበጠሰ፤ ገሳው መኪናው ውስጥ ቀረ፣ ባለ ገሳው ጭቃው ላይ ተዘረጉ። እሳቸው ግን፣ «ወረድኩ። አንተ ግንባርህን ደፍተህ ነበር፣ ምኑን አየህ?» ይላሉ።

እንዳላማው ቀና ሲል መኪናዋ የዳገቱን አናት አልፋ ቁልቁለቱን ይዛዋለች። ሮጠ። ጎረምሳ ነው፣ ይደርስባት ነበር። ካፒቴኑን ያውቀዋል፤ መኪናዋ አንድ ነገር ብትሆን ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ግን ከኋላው «ውይ እግሬን!» የሚል ድምፅ ሰማና ዞረ።

«መኪናህ! መኪናህን ያዝ!» አሉት አባቴ፣ ጭቃው ላይ እንደተቀመጡ።

«መኪናዋ የካፒቴኑ ናት፤ እርስዎ የወለላ አባት ነዎት» አላቸውና አዘላቸው።

እኔ ይህን ሁሉ አላየሁ። እኔ ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ያየሁት ቀይ መኪና ነው። እየተንገዳገደች ትመጣለች። ነጂ የላትም። ወንበሩ ላይ የአባቴ ገሳ ጉች ብሎ ተቀምጧል፤ ገሳው ውስጥ ሰው የለም! እንስራዬ ከጀርባዬ ወርዶ እንክትክት አለ። ከአፌ የወጣው ጩኸት ለእኔም አስፈራኝ። አባቴም ሞተዋል፣ እንዳላማዬም ሞቷል፣ ምን ቀረኝ ብዬ በዝናቡ ሽቅብ ሮጥኩ። መኪናዋ በአጠገቤ አልፋ ሄዳ ከካምፑ በታች ረግረጉ ውስጥ ገባች፣ እስከ አንገቷ ሰመጠች፣ ዝም አለች።

መታጠፊያው ላይ ነው ያገኘኋቸው። አባቴ እንዳላማው ጀርባ ላይ ናቸው፤ ጥምጥማቸው አንገታቸው ላይ ወርዷል፤ ሁለቱም ከጭቃ የተሠሩ ይመስላሉ። እንዳላማው ሲያየኝ ሳቀ። እኔ መንገዱ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ካፒቴኑ ያን ማታ በጥፊ መታው፤ ካምፕ ውስጥ አሰረው። ረግረጉን ያየ ሁሉ «ከእንግዲህ አይፈታም» አለ። እሑድ ደግሞ የባዘዘው ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ ያበጠ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀብለዋቸዋል። እኔ ከጓዳ ጆሮዬን ጥያለሁ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ግን ለባዘዘው አይደለም» አሉ።

«ታዲያ ለማን?» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ አቶ ወልደ ሚካኤል።

«ካምፕ ታስሮ ላለው።»

ቤቱ ተንጫጫ። «ለጣልያን ሎሌ? ለእስረኛ? ባዘዘው ምን ጎደለው? በሬ አነሰው?»

አባቴ እጃቸውን አነሡ። «በሬውስ ሞልቶታል። እኔ ጭቃ ላይ ብወድቅና በሬው ቢፈታበት ግን ማንን እንደሚከተል አላውቅም። የዚያን ልጅ አውቄዋለሁ።»

ካፒቴኑ ቁጣው ሲበርድ እንዳላማውን አባረረው፤ መባረሩን እንደ ሹመት ቆጥረን እልል አልን። ጥር ላይ ተጋባን፤ በቅሎም ተውሰን። ጣልያን ከወጣ በኋላ ወደ በቅሎ ጭነቱ ተመለሰ፤ ልጆችም ወለድን፣ ቤትም ሠራን። መኪና ግን ሁለተኛ አልነካም። ጭቅጭቁ ብቻ ቀረ፤ «ወረድኩ»፣ «ወደቁ»፣ «ወረድኩ»፣ «ወደቁ»።

አባቴ ሲደክሙ እንደዚያኛው ያለ ክረምት ነበር። እንዳላማው ከአልጋቸው ሥር አይጠፋም። አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ገለጡና ጠሩት።

«አቤት፣ የኔታ።»

«ወድቄ ነበር።»

እኔ ክው አልኩ። ስንት ዓመት ያላመኑትን! እንዳላማው ቢስቅ፣ «ረታሁ!» ቢል ባልፈረድኩበት። አልሳቀም። ወደ አልጋቸው ጎንበስ አለ።

«ኧረ የለም፣ የኔታ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ወርደው ነው።»

«አንተማ ግንባርህን ደፍተህ ነበር፣ ውሸታም» አሉትና እጁን ያዙት።